የመክፈቻ ንግግር፦ ከጡረታ ለተመለሱት ሐኪም መታሰቢያ

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፤

የዘንድሮው ጉባኤያችን ለዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ መታሰቢያ እንዲሆን የወሰንነው፣ ቆልማማ እግር (ከውልደት ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ እግር) ያላቸውን ሕፃናት ጀሶ በለወጥን ቁጥር ስማቸውን እየጠራን ሕይወታቸውን ግን እምብዛም ስለማናነሣ ነው።

በ1914 እ.ኤ.አ. በስፔን ሜኖርካ ደሴት የተወለዱት ፖንሴቲ የሰዓት ሠሪ ልጅ ነበሩ፤ በልጅነታቸውም ከአባታቸው ጋር ሰዓት ይጠግኑ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ቁስለኞችን ካከሙ በኋላ ተሰደው፣ ሜክሲኮ ቆይተው፣ በ1941 አሜሪካ አዮዋ ደረሱ። እዚያ ያሳሰባቸው በሕፃንነታቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች አድገው፣ እግራቸው ደርቆና እያመማቸው መመለሳቸው ነበር። እኔም በሥልጠና ዘመኔ፣ አስተካክለነዋል ብለን የሸኘነው ልጅ ከዓመታት በኋላ እያነከሰ ሲገባ አይቻለሁና ሐሳባቸው ይገባኛል።

መልሳቸው የሰዓት ጠጋኝ መልስ ነበር። አውራ ጣትን በታለስ (በቁርጭምጭሚት ውስጥ ባለው አጥንት) ራስ ላይ አሳርፎ፣ ያለ ጉልበት የፊት እግሩን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ መመለስ፣ ያንኑ በጀሶ መያዝ፣ በሳምንቱ ፈትቶ እንደገና መጀመር። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃል፤ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይም የተረከዙ ጅማት በአካባቢ ማደንዘዣ በትንሽ ቀዳዳ በኩል ይቆረጣል።

ዘዴያቸውን በ1963 ቢያሳትሙም ለረጅም ዓመታት ሰሚ አላገኙም። በ1984 ጡረታ ወጡ፤ በ1986 ግን ወደ ክሊኒካቸው ተመለሱ። የቀድሞ ታካሚዎቻቸውን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያየውና በ1995 የታተመው ጥናት 78 በመቶዎቹ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ውጤት እንዳላቸው ሲያሳይ፣ ወላጆችም ወሬውን እርስ በርስ ሲቀባበሉት፣ ዓለም ወደ አዮዋ መጣ። በ2009 በ95 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ማስተማራቸውን አላቋረጡም።

እኛ የወረስነው ዘዴ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ጀሶው ላይ አይደለም፤ እግሩ ተስተካክሎ እናት ደስ ብሏት ከሄደች በኋላ፣ እስከ አራት ዓመት ዕድሜ በሌሊት መደረግ ያለበት፣ ሁለቱን እግሮች በብረት የሚያያይዘው ጫማ ሲቀር ነው። ከሩቅ ገጠር ሕፃን አዝላ ለምትመጣ እናት ይህን በአንድ ደቂቃ ነግረን መሸኘታችን ሊያሳስበን ይገባል፤ ስለዚህ የዛሬው የመጀመሪያ ውይይታችን በዚሁ ላይ እንዲሆን አድርገናል።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ።