ከቅርፊቱ ሥር ያለው ድምፅ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን መክፈቻ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የተፈጥሮን ድምፅ እየቀረጻችሁ ዜማ የምትሠሩ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሌሊቱን በመኪና ስትጓዙ አድራችሁ ቀጥታ ወደ አዳራሹ የገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከባሕር ማዶ በኢንተርኔት የምትከታተሉንም አላችሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ንግግሬን በአንድ ዛፍ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደቡብ ጎንደር ውስጥ ወደ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነው። መሐል ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ እሱን ደግሞ ደን ከቦታል። ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ ላይ በታረሰ መሬት መሐል የቀረች አረንጓዴ ክብ ትመስላለች። የሄድኩት የንጋት ወፎችን ልቀርጽ ነበር። መንገድ ላይ ዘገየሁና ስደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ወፎቹ ጨርሰዋል። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ዕቃ ላይ የምትለጠፈዋን ትንሽ ማይክ አወጣሁና አንድ ያረጀ ወይራ ግንድ ላይ አሰርኳት።

ጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግ ደነገጥኩ። ቆርጠም፣ ቆርጠም ይላል። ትንሽ ያርፋል። እንደገና ቆርጠም። ከቅርፊቱ ሥር አንድ ነገር ዛፉን እየበላ ነው። ከኋላው ደግሞ ዝቅ ያለ፣ የሚያቃስት ድምፅ አለ። ቅርንጫፎቹ በነፋስ ሲወዛወዙ ግንዱ ውስጥ የሚሰማው ነው። ውጪ ላይ ግን ዝም ያለ ቀን ነበር።

የኔታ መጡ። «ልጄ፣ ዛፉን ምን እያደረግኸው ነው?» አሉኝ። አስረዳኋቸውና ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ሰሙ። ከዚያ አውልቀው ሲሰጡኝ እንዲህ አሉ፦ «ቅዱስ ያሬድ ትሉን በዓይኑ አየው። አንተ በጆሮህ ሰማኸው።»

የያሬድን ታሪክ እዚህ የማያውቅ የለም። ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሸ። ማይ ኪራሕ ላይ ዛፍ ሥር ተጠለለ። አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትወጣ አየ። ተመልሶም ተማረ። በኋላ ደግሞ ከሦስት ወፎች ዜማ እንደሰማ ትውፊቱ ይነግረናል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የኔታ እስኪነግሩኝ ድረስ ግን አንድ ነገር አላስተዋልኩም ነበር። በታሪኩ ውስጥ ያሬድ መጀመሪያ ዝም ብሎ ነው ያየው። ዝም ብሎ ነው የሰማው። ዜማው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ይህንን ቅደም ተከተል ነው። ዘንድሮ ከአባላት የመጡልንን ሥራዎች ሁሉንም አዳምጫለሁ። ብዙዎቹ ቆንጆ ናቸው። ግን በግልጽ ልናገር፤ አብዛኞቻችን መጀመሪያ ዘፈኑን እንሠራለን፣ ከዚያ ወፍ እንነሰንስበታለን። ዝናብ እንጨምርበታለን። ወፏ ማጀቢያ ሆናለች። ስለ ወፏ ግን አድማጩ ምንም አላወቀም። የት እንዳለች፣ አሁንም እዚያ መኖሯን፣ ጫካዋ መቆረጡን አናሳውቅም።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዘው ትንሽ ላውራችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።

ኬቲ ፔይን የሚባሉ አሜሪካዊት አሉ። ሙዚቃና ሥነ ሕይወት የተማሩ ናቸው። በ1960ዎቹ ከባለቤታቸው ከሮጀር ፔይን ጋር ቤርሙዳ ሄዱ። እዚያ ፍራንክ ዋትሊንግተን የሚባል መሐንዲስ አገኙ። ሰውየው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል፣ ውኃ ውስጥ በሚገባ ማይክ ባሕሩን ሲያዳምጥ የኖረ ነው። በሥራው ላይ ሳለ ያልጠበቀው ነገር ቴፑ ላይ ገባለት። የሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ድምፅ ነበር። ቅጂውን ደብቆ ያዘው። አዳኞች ቢሰሙት እንስሳቱን ለመከታተል ይጠቀሙበታል ብሎ ፈራ። ለነሮጀር ግን ሰጣቸው። ዓሣ ነባሪዎቹን አድኗቸው ብሎ ነው የሰጣቸው።

በዚያን ጊዜ ለብዙ ሰው ዓሣ ነባሪ ማለት ዘይትና ሥጋ ነበር። በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ይገደሉ ነበር። ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ ድምፁን ወረቀት ላይ ወደ ሥዕል ለውጠው ሲያዩት ዝም ብሎ ጩኸት አልነበረም። ሐረግ አለው። ሐረጉ ይደገማል፣ ተራውን ጠብቆ ይመለሳል። በ1971 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ዜማ ነው ብለው ጻፉ። ኬቲ ፔይን ደግሞ ለዓመታት እያነጻጸሩ ሌላ ነገር አገኙ። በአንድ ባሕር ያሉ ወንዶች ዜማቸውን ከዓመት ዓመት አብረው ይለውጡታል። ረዘም ባለው ዜማ ውስጥ ደግሞ እንደ ግጥም ቤት የሚመታ አካሄድ አለ። ቤት ይመታል! ይህን ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅጂው በ1970 በሸክላ ወጣ። ምንም መሣሪያ አልተጨመረበትም። ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ዓሣ ነባሪ ሰማ። በዚያው ዓመት አባቱ አርመናዊ የሆነው አሜሪካዊ የዜማ ደራሲ አላን ሆቭሃነስ ድምፁን ይዞ ለኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ አንድ ሥራ ጻፈ። (የአርመኖችን የሙዚቃ ውለታ እኛ አገር ከአርባ ልጆች ጀምሮ እናውቀዋለን። ስሙን ሳይ ደስ ያለኝ ለዚያ ነው።) በሥራው ውስጥ ኦርኬስትራው ቦታ ቦታው ላይ ለዓሣ ነባሪዎቹ ይለቅላቸዋል። በ1977 ድምፃቸው ቮዬጀር በተባሉት መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ሄደ። በ1979 ናሽናል ጂኦግራፊክ ከመጽሔቱ ጋር ስስ ሸክላ አድርጎ 10.5 ሚሊዮን ቅጂ አሰራጨ። በ1982 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ።

ባለፈው ጉባኤ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ሙዚቃ አንድ ዛፍ እንኳ አያድንም» ብሎ ነበር። በቅንነት ነው የተናገረው፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። መልሴ ይህ ነው። ዓሣ ነባሪዎቹን ሸክላው ብቻውን አላዳናቸውም። ሳይንቲስቶች ነበሩ፣ ሰልፈኞች ነበሩ፣ ስብሰባ ለስብሰባ የተንከራተቱ ዲፕሎማቶች ነበሩ። ግን ሰልፍ የወጣው ሰው ዓሣ ነባሪ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሰምቶ ነው የወጣው።

ኬቲ ፔይን እዚያ ላይ አላቆሙም። በ1984 ፖርትላንድ ከተማ ባለው የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች አጠገብ ቆመው ሳለ አየሩ ደጋግሞ ሲርገበገብ ተሰማቸው። ድምፅ ግን የለም። በልጅነታቸው መዘምራን ሳሉ ከኦርጋኑ አጠገብ ይቆሙ ነበር። ዝቅተኛው ድምፅ ሲመታ ልክ እንደዚያ ይሰማቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። ተመልሰው ሄደው ቀረጹ። ቴፑን አፍጥነው ሲያጫውቱት ዝሆኖቹ ያወራሉ። የሰው ጆሮ የሚሰማው በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ ያን ያህል ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። ዝሆኖቹ ከዚያ በታች ወርደው ነበር የሚያወሩት። በገና ፊት ለፊት ተቀምጦ የሰማ ሰው ይህ አይገርመውም። የበገና ድምፅ ከጆሮ በፊት ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። ኬቲ ፔይንም ለአየሩ መርገብገብ ትኩረት እንዲሰጡ ያደረጋቸው የሙዚቃ ልምዳቸው ነው።

እኛም ዝሆኖች አሉን። ባቢሌ ያሉት ከሐረር ሩቅ አይደሉም። መኖሪያቸው እየጠበበ፣ ከሰው ጋር እየተጋፉ ነው። ከማኅበራችን ግን እስከ ዛሬ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዝ ማይክ ይዞ ወደዚያ የሄደ ሰው የለም። ይህ ያሳዝነኛል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። በርኒ ክራውስ ሙዚቀኛ ነበር፤ በኋላ ኑሮውን ሁሉ ለዱር ድምፅ ሰጠ። በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ፣ ሊንከን ሜዶው የሚባል ቦታ ንጋት ላይ ቀረጸ። አንድ እንጨት ቆራጭ ድርጅት ደኑን ሁሉ አልመነጥርም፣ እዚህም እዚያም መርጬ ነው የምቆርጠው፣ ጉዳት የለውም ብሎ ነበር። ክራውስ በዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ተመለሰ። በዓይን ሲታይ ደኑ እንዳለ ነው። ፎቶ ብታነሱት ልዩነቱን አታዩም። ቅጂው ላይ ግን ያ ሁሉ የወፍ ዝማሬ የለም። የወንዙ ድምፅና ግንድ የሚቀጠቅጥ አንድ ግንደ ቆርቁር ብቻ ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመታት እየተመላለሰ ቀረጸ። እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ዓይን ተሸወደ፣ ጆሮ አልተሸወደም። ክራውስ ይህን ያወቀው ግን ቀድሞ ስለቀረጸ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ባይኖረው ደኑ ደህና ነው ብሎ ይመለስ ነበር። እኛ የስንቱ ደናችን የመጀመሪያ ቅጂ አለን? የእንጦጦ ጥድ ንጋት ላይ ምን ይል እንደነበር ከኛ መሐል ማን ቀርጾ ይዟል?

የወይራዬን ቅጂ በመጀመሪያ ያሰማኋቸው ጓደኞቼ ዴቪድ ደንን አስታወሱኝ። አሜሪካዊ የዜማ ደራሲ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፒንዮን የሚባለው የጥድ ዓይነት በድርቅና በጥቃቅን ጢንዚዛ በሚሊዮን ሲደርቅ እሱ ራሱ የሠራቸውን ርካሽ ማይኮች ቅርፊቱ ውስጥ ከተተ። ጢንዚዛዎቹ ሲቦረቡሩ፣ ሲጠራሩ ያሰማል። በ2006 ሙሉ ሥራ አድርጎ አወጣው። የሞተ ዛፍ ሁሉም ያያል። ዛፉ እየሞተ እያለ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ጎተራ ውስጥ ነቀዝ የገባበት እህል ላይ ጆሮውን አስጠግቶ የሚያውቅ ገበሬ ይረዳዋል።

በ2023 ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጠማ ወይም ግንዱ የተቆረጠ ቲማቲምና ትምባሆ ድምፅ እንደሚያወጣ አሳዩ። በሰዓት ከ30 እስከ 50 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይላል። ደህናው ተክል ግን ከስንት አንዴ ነው። ድምፁ ጆሯችን ከሚሰማው በላይ ቀጭን ስለሆነ ቅጥነቱ ዝቅ ሲደረግ ፈንድሻ ሲፈነዳ ይመስላል። እስራኤል የሚኖሩ አባሎቻችን ቅጂውን ሲልኩልን ቢሯችን ውስጥ ሥራ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። «ተክል አለቀሰ» ብላችሁ አትጻፉ። ድምፁ የሚመጣው ውኃ በሚወጣባቸው ቱቦዎች ውስጥ የአየር አረፋ ሲፈነዳ ሳይሆን አይቀርም ነው የሚባለው። እውነቱ በራሱ በቂ ነው። ድምፁን ዝቅ ካደረግን ዝቅ አድርገነዋል እንበል። ካፈጠንን አፍጥነነዋል እንበል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን እንጻፍ። አንድ ጊዜ ያታለልነው አድማጭ ሁለተኛ አይሰማንም።

እንግዲህ ለመጪው ዓመት የሥራ አመራሩ ያሰበውን ባጭሩ ልናገር፤ ዝርዝሩ ከሰዓት በኋላ ለውይይት ይቀርባል። እያንዳንዱ አባል አንድ ቦታ ይምረጥ። ደን ቢሆን፣ ወንዝ ቢሆን፣ የሰፈሩ ጓሮም ቢሆን። በወር አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ሄዶ 10 ደቂቃ ይቅረጽ። ስልክም ይበቃል። ዜማ የምንሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ለባቢሌ የሚሆን ማይክ ለመግዛት መዋጮ እንጠይቃለን፤ ለፈቃዱም ደብዳቤ ጽፈናል። ከምናወጣው አልበም ገቢ ግማሹ ለደኖቹ እንዲሆን እንጠይቃችኋለን። ከ2024 ጀምሮ በሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ ተፈጥሮ ራሷ እንደ ድምፃዊ ስሟ እየተጻፈ ከገቢው ለጥበቃ የሚሰጥበት አሠራር ተጀምሯል። እኛ ጋ ገንዘቡ የሚሄድበት የታወቀ ቦታ አለ። እነ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከምእመናኑ ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ ካብ ያሳጠሯቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። ካብ ያላገኙ ደግሞ ገና ብዙ ናቸው።

ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል።

ወደ ሪፖርቱ ከማለፋችን በፊት መብራቱ ይጠፋል። የምታዳምጡት የ4 ደቂቃ ቅጂ ነው። የዚያ ወይራ ድምፅ ነው። ከፍ ከማድረግ በቀር ምንም አልነካሁትም። መጨረሻው ላይ የየኔታ ድምፅ ይሰማል፤ ፈቅደውልኛል። እባካችሁ ስልካችሁን አጥፉልኝ።