አንድ ፈረስ፣ ሶስት ጋላቢ

እስቲ ይሄን ምስል እዩት። ፈረስ አለ፣ ጥሩር የለበሰ ጋላቢ አለ፣ ጎኑ የራስ ቁሩን የያዘ አሽከር አለ፣ ሁሉም አምሮ ተሰርቷል ግን ጋላቢው ጭንቅላት የለውም። አንገቱ ላይ ነጭ ወረቀት ብቻ።

ስራው የፒየር ሎምባርት ነው፣ ፈረንሳዊ ቀራጭ፣ በፈረንጆቹ 1650ዎቹ ለንደን ውስጥ መዳብ ላይ የቀረጸው። መነሻ ያረገው ቫን ዳይክ በ1633 የእንግሊዙን ንጉስ ቀዳማዊ ቻርልስን ፈረስ ላይ አርጎ የሳለውን ትልቅ ስዕል ነው። ቻርልስ ጥር 1649 ላይ ህዝብ እያየ አንገቱን ተቀላ። እና ሎምባርት በዛ በንጉሱ አቀማመጥ ላይ ማንን አስቀመጠ? ከቻርልስ በኋላ እንግሊዝን የገዛውን ኦሊቨር ክሮምዌልን! የሞት ፍርዱ ላይ ከፈረሙት አንዱን እኮ ነው። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳውቅ ደንግጬ ነው የቀረሁት።

በዚህም አላበቃም፣ እዛው መዳብ ላይ ክሮምዌል ተፍቆ የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ፊት የገባበት ህትመት አለ፣ ራሱ ቻርልስ የተመለሰበትም አለ። መጀመሪያ ያያችሁት ጭንቅላት የሌለውም ከዚሁ ሰሌዳ የታተመ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የመዳቡ ሰሌዳ በቅርበት]

እንዴት ይፋቃል? ቀራጩ በሹል ብረት መዳቡን እየቦረቦረ መስመር ያወጣል፣ ቀለም ይቀባና ላዩን ይጠርገዋል፣ ቀለሙ መስመሩ ውስጥ ብቻ ይቀራል፣ ከዛ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በሮለር ሲጨፈለቅ ምስሉ ተገልብጦ ይወጣል። ፊት ለመቀየር ቦታውን ፍቆ ማለስለስ ነው፣ ግን ሲፋቅ ይጎደጉዳል፣ ስለዚህ ሰሌዳውን ገልብጦ ከጀርባው በመዶሻ ቀስ እያሉ እስኪስተካከል መምታት። አዲሱ ፊት እዛ ላይ ይቀረጻል።

መዳብ ውድ ነው፣ የፈረሱን ጡንቻና ጋማ በመስመር ብቻ ማውጣትም ትልቅ ልፋት አለው፣ ፊት ግን ትንሽ ቦታ ናት። ስለዚህ ነጋዴው ቢቀይር አይገርምም። እኔን የሚገርመኝ ህትመቱን የሚገዛው ሰው ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው ንጉሱን በአካል አይቶት አያውቅም፣ መልኩን የሚያውቀው በሳንቲምና በእንዲህ አይነት ወረቀት ነበር፣ ስለዚህ ጋላቢው የአገር መሪ መሆኑን የሚነግረው ፊቱ ሳይሆን ፈረሱ፣ ጥሩሩ፣ ጎኑ የቆመው አሽከር ነው። ንጉስን ገድሎ የመጣው ሰው እንኳ የንጉሱን ፈረስ ነው የተዋሰው።

[ስክሪን ላይ፦ ህትመቶቹ ጎን ለጎን]

አሁን ቪዲዮውን ፖዝ አርጉና ፊታቸውን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። የቱ ንጉስ ነው፣ የቱ ንጉስ ያስገደለው?