አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ ወይስ ኪጋሊ፦ ስታርታፕዎን የት ይክፈቱ?

[ምስል፦ የሦስቱ ከተሞች ካርታ]

ከተማ ከመምረጥዎ በፊት አንድ ወረቀት መሃል ለመሃል ያስምሩ። በአንዱ በኩል በወር የሚገባውን ገንዘብ፣ በሌላው የሚወጣውን ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ብር፣ ሽልንግ ወይም ዶላር መሆኑን ያመልክቱ።

ደንበኛዎ መርካቶ ያለ ነጋዴ ከሆነ ገቢዎ ብር ነው። የሰርቨሩ ሂሳብ ግን በዶላር ይመጣል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ፣ ለዓመት በቁርጥ ብር መዋዋል አያዋጣም። ውሉ ላይ ዋጋው በየሦስት ወሩ እንደሚከለስ ያስገቡ፤ ነጋዴው ቢያጉረመርምም።

[ምስል፦ ስልክ ላይ ብቅ ያለ የክፍያ መልእክት]

የናይሮቢ ትልቁ ብልጫ ክፍያ ነው። ኤምፔሳ የሚባለው በስልክ ገንዘብ መላኪያና መክፈያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ስላለ፣ በስልክ መክፈልን ለማንም ማስተማር አይጠበቅብዎትም። ሲስተምዎ ጥያቄ ይልካል፣ ደንበኛው ስልክ ላይ መልእክት ብቅ ይላል፣ ሰውየው የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ማረጋገጫው መንገድ ላይ ሲቀር ነው። ሲስተሙ «አልተከፈለም» ብሎ በድጋሚ ይጠይቃል፣ ደንበኛው ሁለቴ ይከፍላል፣ ከዚያ የሚመጣውን ስልክ እርስዎ ያነሳሉ። ስለዚህ ድጋሚ ከመላክ በፊት የመጀመሪያው ክፍያ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ኮድ ይኑርዎት። በቴሌብርም ቢሆን ያው ነው።

ኢትዮጵያዊ ኬንያን ለመጎብኘት ቪዛ አለመጠየቁ ብዙ ሰው ያዘናጋል። መግባት ሌላ፣ መሥራት ሌላ። ክላስ ጂ የሚባለው የባለሀብት ፈቃድ 100,000 ዶላር ካፒታል ይጠይቃል። ይህን ያህል የሌለው ሰው ናይሮቢ ላለ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ፈቃዱን ድርጅቱ ቢያወጣለት ይሻለዋል።

ኪጋሊ ንጹሕ ናት፣ ወረቀት ቶሎ ያልቃል፣ ኩባንያ በኢንተርኔት ይመዘገባል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ካምፓስም እዚያው ስለሆነ የተማረ ባለሙያ ይገኛል። ገበያዋ ግን ጠባብ ነው፤ የአገሩ ሕዝብ በሙሉ 14 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለመኖር እንጂ ለመሸጥ አልመክራትም።

የውጭ ፓስፖርት ይዞ አዲስ አበባ ለሚመለስ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር፦ የውጭ ባለሀብት ለብቻው ሲገባ ዝቅተኛው ካፒታል በአብዛኛው 200,000 ዶላር ነው። እርስዎ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላሉ። ከመመዝገብዎ በፊት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያዎን ያውጡ።

[ምስል፦ የራውተር ቻርጀር፣ ጽሑፉ በቅርበት]

አዲስ አበባን ከመረጡ፣ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ስብሰባውን የሚያቋርጠው ራውተሩ ነው። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 12 ቮልት ካለ 12 ቮልት የሚሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) ይግዙ፤ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ባለ 9 ቮልቱ ዋጋው ቢቀንስም ራውተሩን በየመሃሉ ያጠፋዋል። ኢንተርኔቱ ራሱ ቢቋረጥ ደግሞ፣ ራውተሩ ከሚጠቀምበት የተለየ የቴሌኮም ድርጅት ሲም ጥቅል ሞልተው ስልክዎ ውስጥ ያስቀምጡ።