ግጭ ላይ የቀሩት ሦስት ድንጋዮች

እንደምን አመሻችሁ።

ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ፣ ከአዘዞም ከማራኪም ከሥራ መልስ ሮጣችሁ የደረሳችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ አንድ ጉዞ እንድናገር ነው የተጠራሁት። ብዙ አገር አልዞርሁም። እንግዳ ቤቴ በመጣ ቁጥር የማወራው ጉዞ ግን አለኝ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእግር የሄድንባቸው አራት ቀናት ናቸው።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ያን ጊዜ ማስተማር ከጀመርሁ 12 ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ «ራስ ደጀን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ» ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ስሜን ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኋት። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ መጻፏን ቀጠለች። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ለመሄድ ቆርጬ ነበር።

የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣል፤ እኛ ጎንደሬዎች ግን «አንድ ቀን እንሄዳለን» እያልን ልጅ እናሳድጋለን። ዳሸን ስንል ቢራው ነው ቀድሞ የሚታወሰን። ዋልያ ስንል ብሔራዊ ቡድኑ። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ስድስት ሆነን ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሚኒባስ ወጣን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ መስኮቱን አልፎ ገባ። ዳባት ላይ ሻይ በዳቦ ቀመስን። ደባርቅ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ከፍለን ተመዘገብንና ስካውት፣ ማለትም አብሮን የሚሄድ የታጠቀ ጠባቂ፣ ተመደበልን። ዕድሜያቸው ሃምሳን የዘለለ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰው ናቸው። «ጋሼ» ነው ያልናቸው፤ እስከ ዛሬም ጋሼ ናቸው። በቅሎዎቹ ድንኳኑንና ስንቁን ጫኑ፤ እኛ በእግር ወደ መጀመሪያው ማደሪያችን ወደ ሳንቃበር አቀናን።

ሳንቃበር ሳንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አገኘናቸው። መቶ ይሆናሉ፣ ከዚያም ይበልጣሉ። ጋሼ «ተቀመጡ፣ ዝም በሉ» አሉን። ተቀመጥን። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ሁለት ክንድ ያህል ቀረበችኝ። እንደ ሰው ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ሣር ትነጫለች። የቀኝ እጇ ጣቶች፣ የግራ እጇ ጣቶች፣ ተራ በተራ፤ እናቴ ምስር ስትለቅም እንደምታደርገው። እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ ታስገባለች። ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው ይታያል። ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ጦጣም ሆነ ዝንጀሮ ከጭላዳ በቀር በዓለም የለም። ይህን ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። የሣሩ መነጨት እንደሚሰማ ግን አላውቅም ነበር። መቶ ጭላዳ አንድ ላይ ሲነጭ ካፊያ ሣር ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው።

በሁለተኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ አይተን ወደ ግጭ ወጣን። የአስታው ዛፍ አለቀ፤ ሜዳው ሁሉ የጓሳ ሣርና ጅብራ ሆነ። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ያድግና አንዴ ብቻ አብቦ ይደርቃል። የደረቀው ግንድ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይቀራል።

ግጭ መንደር ነበር። ሰው ተወልዶ፣ ገብስ ዘርቶ፣ ሞቶ የተቀበረበት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ዋልያው እያነሰ፣ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ ሄዶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ እኛ ከመሄዳችን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ። ለመውጣት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ የግጭን ሰው ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር።

ጋሼ የግጭ ልጅ ናቸው። አልነገሩንም ነበር። ከመንገዱ ወጣ አሉና ጓሳውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ሦስት ድንጋይ። ጥቁር፣ ጥላሸቱ ገና ያልለቀቀ። ጉልቻ ነው። «እዚህ ነው የተወለድሁ» አሉ። «ሚስቴም ሰባት ልጅ እዚህ ወለደች።» ጠመንጃቸውን ለእኔ አሸክመው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ማናችንም አልተናገርንም። ቆይተው «ሣሩ ግን አየሽው እንዴት እንደመጣ? ዱሮ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። አባባላቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። ኀዘንም ነበረበት። እኔ የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ አልደፍርም። ስሜን ሲነሳ ግን ስለ ዋልያው ብቻ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል። ያ ሣር የመጣው ሰዎች ቤታቸውን ስለለቀቁ ነው።

ሌሊቱን በረዶ ድንኳኑን አነጣው። ያለንን ልብስ ሁሉ ደራርበን ተኛን።

እሜት ጎጎ ከሚባለው ጫፍ ላይ ስለቆምንባት ሰዓት ብዙ መናገር አልችልም። በሦስት በኩል ገደል ነው። እግራችሁ ሥር አሞራ ሲበር ጀርባውን ታያላችሁ። ያ ሁሉ አለት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው፣ ከዚያ ውኃ የቦረቦረው ነው። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ አለቀሰች። ጨነቅ ላይ በማግስቱ ጠዋት ዋልያ አየን፤ አምስት። አንዱ አውራ ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ ደርሷል። አንድ እግር እንኳ የማያስቆም በሚመስል አለት ላይ ቆሞ ተረጋግቶ ያመሰኳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ለጋሼ ደወልሁ። «ሌሊቱን በቅርንጫፍ ስንደበድበው አደርን» አሉኝ፤ ድምፃቸው በጢስ ተዘግቷል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጥተው ነበር፤ በቅርንጫፉ የታገሉት ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፣ ከዚያም ጦርነት። እንግዳ ጠፋ። በቅሎ የሚያከራየው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ መንገድ የሚመራው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በቅሎውን የሸጠም አለ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አለኝ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ እኛው እንሂድ። ፈረንጅ እስኪመለስ አንጠብቅ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራም ሹራብ፣ ቆሎና በሶ ያዙ፣ ጫማችሁን ቀድማችሁ አለማምዱት። ግጭ ስትደርሱ ጉልቻ ካያችሁ ድንጋዩን አታንቀሳቅሱት።

አሁን መብራቱን አጥፉልኝና ፎቶዎቹን እንይ። መጀመሪያ ላይ የምታዩዋቸው፣ ጓሳው መሀል የተቀመጡት ሰው፣ ጋሼ ናቸው። ጠመንጃው የማይታየው እኔ ይዤው ስለነበር ነው።