የ7 ቁጥሩ ጂኒ
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፣ ጅማ)

የተከበራችሁ አባላት፣ መምህሮቻችን፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶች፤ ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከአዲስ አበባ ትናንት ማታ የገባችሁ ዓይናችሁ ቀልቷል። 350 ኪሎ ሜትር ቀላል አይደለም፣ መንገዱም የምታውቁት ነው። ቡናው ከኋላ እየተቆላ ነው። አቦሉ እስኪደርስ እኔን ታገሡ።

ጸሐፊያችን ጥሩ ንግግር ጽፎልኝ ነበር። ስለ መዋጮ ነው የሚጀምረው። ኪሴ ውስጥ አለ፣ እመለስበታለሁ። ግን ሦስተኛው አጀንዳችን «የአሮጌው ብሎክ እድሳት» ይላል። ስለ 7 ቁጥር ክፍል ሳላነሳ ብቀመጥ ግማሾቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ።

አዎ፣ ስለ ጂኒው ነው።

ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። አሮጌው ብሎክ የጣሊያን ሥራ ነው ይባላል። ጣሊያን እስከ ሰኔ 1933 ድረስ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር፤ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ያኔ ነው የተሠሩት። እኛ ትምህርት ቤት ስንገባ ጂኒውም ጣሊያን ነበር። ቡት ጫማ ያደረገ መኮንን ነው፣ ሌሊት በጣውላው ወለል ላይ ከ7 ቁጥር እስከ መጋዘኑ ይመላለሳል ይሉን ነበር። እስላሙ ልጅ «ጂኒ» ይለዋል፣ ክርስቲያኑ «ሰይጣን»። ከማናና ከሰቃ የሚመጡት ደግሞ «ኤኬራ» ይሉታል፣ የሞተ ሰው መንፈስ ማለታቸው ነው። ስሙ ሦስት፣ ሩጫችን አንድ።

የሳይንስ መምህራችን ይስቁብን ነበር። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ምስማሩ ጋ ሲደርስ ጧ ይላል። ቀጥሎ ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ጧ። ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ እርምጃ ይመስላል። ጩኸቱስ? ጉሬዛ ነው አሉን። ሊነጋጋ ሲል ወንዱ ያጓራል፣ ከማዶ ያለው ይቀበለዋል። ከግቢው ጀርባ ያሉትን ዛፎች የሞሉት እነሱ ነበሩ። መምህሩ ልክ ነበሩ። እኛም አመንን፤ ከመሸ በኋላ ግን በዚያ በኩል አላለፍንም።

ቆርቆሮ የማይመልሰው አንድ ነገር ግን አለ። በ1971 ከክረምት ስንመለስ ጂኒው ጣሊያን መሆኑ ቀርቶ ነበር። ቡቱን አውልቆ ዩኒፎርም ለብሷል። አሁን ሌሊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ተማሪ ነው ተባለ። የጠመኔው ድምፅ ይሰማል፣ ጠዋት ሲያዩት ሰሌዳው ባዶ ነው። ጂኒው ለምን እንደተቀየረ ማንም አልጠየቀም።

በመካከሉ የነበረውን በዕድሜ የምትቀርቡኝ ታውቃላችሁ። ቀይ ሽብር ነበር። ከኛ ክፍል ከኋላ የሚቀመጡ ሁለት ትልልቅ ልጆች ነበሩ። አንድ ቀን ወንበራቸው ባዶ ሆነ። መምህራችን ስም ሲጠሩ እነሱ ስም ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ቀና ሳይሉ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሳምንት ያህል እንዲህ ቆም ሲሉ አይቻለሁ። ከዚያ ቆም ማለቱም ቀረ። ያኔ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ያስጠይቅ ነበር። ስለ ጂኒ ያወራ ግን አይታሰርም።

አሁን የራሴን ልናገር። ዘበኛችንን አባባ ነበር የምንላቸው። አንድ ማታ ኳሳችን አሮጌው ብሎክ ጋ ገብቶ ልፈልግ ሄድኩ። አባባ 7 ቁጥርን ይቆልፋሉ። ቆልፈው በሩን በጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና «ደህና እደሩ፣ ልጆቼ» አሉ። ባዶ ክፍል ነው። ኳሱን ትቼ በረርኩ። በማግስቱ «አባባ ከጂኒ ጋር ይነጋገራሉ» ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ወሬው ከግቢ ወጣ። ትንንሾቹ ሲያይዋቸው ይሸሹ ጀመር። ሻይ የሚጠጡበት ሱቅ ብርጭቋቸው ለብቻው ተቀመጠ። እሳቸው አንድም ቀን አላስተባበሉም። ምን ብለው ያስተባብሉ? «ጂኒ አይደለም፣ የተወሰዱትን ልጆች ነው» ይበሉ?

የገባኝ በ1984 ነው፣ እኔው መምህር ሆኜ ስም ስጠራ። አባባ ግን ያኔ አልነበሩም።

ወደ እድሳቱ ልምጣ። ኮሚቴው ጣውላው ተነስቶ ሴራሚክ ይግባ ይላል። ምስጥ በልቶታል፣ እግሬን አስገብቼ አይቻለሁ፣ አልከራከርም። ቆርቆሮውም ይቀየር። የ7 ቁጥሩ በር ግን ይቅር። ቀለም ይቀባ፣ ማጠፊያው ይጠገን፣ ግን ያው በር ይሁን። ሌላው ልመናዬ ቀላል ነው። ቡናው ጋ አንድ ደብተር አስቀምጠናል። እያንዳንዳችሁ የገባችሁበትን ዓመት ጻፉና በእናንተ ጊዜ ጂኒው ምን እንደሚመስል አስፍሩ። ስማችሁን መጻፍ ግድ አይደለም። የ1950ዎቹ አባቶች ካላችሁ እናንተ ቅደሙ፣ ወጣቶቹ ወረፋ ይጠብቃሉ።

ይህን ያነሳሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር ለእድሳቱ ልኬት ስንወስድ ጥቂት የአሁን ተማሪዎች ረዱን፣ ሜትሩን ይዘውልን። «ጂኒው አሁንም አለ?» አልኳቸው ለቀልድ። አለ አሉኝ። ጣሊያን ነው? ሳቁብኝ። ወንድ ተማሪ? አይደለም። ሴት ልጅ ናት አሉ፣ ከ7 ቁጥር ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በሚያስወጣው መንገድ ላይ ነው የምትታየው። ከመቼ ጀምሮ? ካቻምና ጀምሮ። ለምን ሴት ሆነች አልኳቸው። ወንዶቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሜትሩን የያዘችው ልጅ ግን ጫፉን ለቀቀችና መሬት መሬት ታይ ጀመር።

እንዲህ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ተነጋግረን አጀንዳ ጨምረናል። ከምሳ በኋላ ሴት አባሎቻችን ከሴት ተማሪዎቹ ጋር ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ወንድ አይገባም፣ እኔም ብሆን። መጸዳጃ ቤቱ መንገድ ላይ መብራት እንደሌለ አይተናል፤ እሱ ግን የእድሳቱን ገንዘብ አይጠብቅም፣ ኤሌክትሪሻኑ ሰኞ ይመጣል።

የ7 ቁጥር ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ እትዬ ሰብሳቢዋ ትውሰደው። በሩ ትንሽ ይይዛል፣ ከታች በእግር ገፋ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ መዋጮው። ጸሐፊ፣ ወረቀትህን አወጣሁልህ።