መንጠቆውና ጨርቁ የሚገናኙበት ቦታ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እኔ በዚህ ከተማ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ መካኒክ ነኝ። ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በሐዲድ እንጀራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሌላ ሐዲድ ቤቴ ገባ። ይኼኛው የተዘረጋው ጣሪያ ላይ ነው፤ የታመመን ሰው ከአልጋ የሚያነሣ መሣሪያ የሚሄድበት ነው።

ባለቤቴን ከአምስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት፤ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ እኔና ትልቋ ልጃችን ብብቷንና ጉልበቷን ይዘን እናነሣት ነበር። ዓመት ሳይሞላ የእኔ ወገብ ተያዘ፤ የልጄም ትከሻ ታመመ። ይህ የኛ ቤት ብቻ ችግር አይደለም፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ነርሶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቶማስ ዋተርስ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስሌት፣ አንድ ሰው ሁኔታው ተመቻችቶለት እንኳ በእጁ ሊያነሣ የሚገባው የሕመምተኛ ክብደት ከ16 ኪሎ መብለጥ የለበትም። 16 ኪሎ የአንድ ትንሽ ልጅ ክብደት ነው። የታመመ አዋቂ እግር ብቻውን እዚያ ሊደርስ ምን ቀረው?

ውጭ አገር ያለው ወንድ ልጃችን የጣሪያ ማንሻ ላከልን። በሐዲዱ ላይ የሚሄድ ሞተር አለው፤ ከሞተሩ ሥር መንጠቆ ያለው ዘንግ ይንጠለጠላል፤ ሕመምተኛው የሚቀመጥበት መሸከሚያ ጨርቅ በአራት ማዕዘኖቹ ባሉት ቀለበቶች ከመንጠቆዎቹ ላይ ይገባል። ሐዲዱን ከሶሌታው ጋር በብሎን ከማሰሬ በፊት ሶሌታውን ለመሐንዲስ አስመርምሬአለሁ። ሞተሩን ፈታትቼ አይቻለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል እፎይ አልን። ከዚያ መሸከሚያ ጨርቁ አረጀና ሌላ ገዛን፤ የሌላ ፋብሪካ ምርት ነው፤ ቀለበቶቹ ከፊተኛው ጠበብ ይላሉ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ልጄ በስልኳ መብራት አራቱን ቀለበቶች አስገባች። ሦስቱ ገብተዋል። አራተኛው የመንጠቆው ጫፍ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልገባም። ጨርቁ ሲወጠር የያዘ ይመስል ነበር። ማንሻው በባትሪው ከአልጋው ስንዝር ያህል ከፍ እንዳደረጋት ቀለበቱ አመለጠ፤ ባለቤቴ በግራ ትከሻዋ በኩል ተንጋደደች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከታች አልጋው ነበረ።

ያን ሌሊት እስኪነጋ አልተኛሁም። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ሐዲዱም አልተነቃነቀም። ልጄም አልተሳሳተችም እላለሁ፤ በጨለማ፣ በድካም፣ እናቷን በአንድ እጇ ደግፋ እየሠራች ነው። ስህተቱ ያለው ያንን መንጠቆና ያንን ቀለበት በሠራው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ እናንተ ፊት የቆምሁት ስለዚች አንዲት ነጥብ፣ ጨርቁና ብረቱ ስለሚገናኙበት ቦታ ልናገር ነው። ሞተርና ሐዲድ ብዙ ሰው አስቦባቸዋል። መንጠቆውን ግን እንደ ትርፍ ዕቃ እናየዋለን።

በወርክሾፕ ክሬን መንጠቆ ላይ በሞላ የሚዘጋ ምላስ አለ። ሸክሙ መሬት ነክቶ ገመዱ ሲላላ እንዳያመልጥ ነው። ሰውም እንደዚያው ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲያርፍ የአንዱ ወገን ቀለበት ይላላል፤ ሲላላ ክፍት ከሆነ መንጠቆ ሾልኮ ይወጣል፤ መልሰህ ስታነሣ ሦስት እግር ያለው ወንበር ሆነብህ ማለት ነው። ስለዚህ ምላስ የሌለው መንጠቆ አትሥሩ። ምላስ ስትሠሩም በአንድ እጅ፣ በላብ በራሰ አውራ ጣት የሚከፈት ይሁን። የድሬዳዋን ሙቀት አትርሱ። ሞላው ከጠነከረ አስታማሚው ሰልችቶት ይነቅለዋል፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ያልገባ ቀለበት የገባ መምሰል የለበትም። የመንጠቆው ጫፍ ጠፍጣፋ ከሆነ ቀለበቱን ያስቀምጠዋል፤ ክብና አዘቅዛቂ ከሆነ ያንሸራትተዋል፤ ወይ ይገባል ወይ ወዲያው ይወድቃል። ይህ ከሞረድ ሥራ አይዘልም፤ ያቺን ሌሊት ግን ያድናት ነበር። በእያንዳንዱ ማሰሪያ ጫፍ ለማሳጠርና ለማስረዘም የሚመረጡ ከአንድ በላይ ቀለበቶች አሉ፤ በቀለም የተለዩ ናቸው፤ የቀኙና የግራው አንድ ዓይነት ቀለም መሆን አለበት፤ አለዚያ ሰውየው ይጋደላል። የትከሻው አጠር፣ የእግሩ ረዘም ሲል ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ የትከሻው ረዝሞ የእግሩ ሲያጥር ይንጋለላል። ነገር ግን ቀለም በጨለማ አይታይም። ቀለበቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቋጠሮ ስፉበት፤ ጣት ያንብበው።

ሦስተኛው ከሒሳብ ይመጣል፤ የሜካኒካል ተማሪዎች ወረቀት አውጡ። 70 ኪሎ ሰው በሁለት ማሰሪያ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ እያንዳንዱ ማሰሪያ 35 ኪሎ ይሸከማል። ሁለቱ ማሰሪያዎች በመካከላቸው 120 ዲግሪ ከተከፈቱ እያንዳንዳቸው 70 ይሸከማሉ። ክብደቱ አልጨመረም፤ ማዕዘኑ ነው። የማንጠልጠያው ዘንግ ከትከሻ ወርድ ጋር የሚመጣጠነው ለዚህ ነው። ዘንጉ ካጠረ ደግሞ ማሰሪያዎቹ የሰውየውን ትከሻ ወደ ውስጥ ይጨምቁታል።

ስለ ጨርቁ በአጭሩ። በረኪና አይንካው፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ሁለቱም ክሩን ይበሉታል። የተተረተረ መሸከሚያ አይሰፋም፤ ይጣላል። መጠኑና የሚችለው ክብደት በእጥበት በማይጠፋ ጽሑፍ ይጻፍበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መሸከሚያው ከማንሻው ጋር እንደሚስማማ በማንሻው አምራች የተረጋገጠ እንዲሆን ያሳስባል፤ እኔ ያንን የተማርሁት ዘግይቼ ነው። እዚህ አዲስ ስትሠሩ ደግሞ ከሰው በፊት የሲሚንቶ ከረጢት ይሰቀልበት፤ አንዱ 50 ኪሎ ነው፤ ከሚሸከመው ሰው በላይ ጫኑበት፤ አሳድሩት፤ በማግሥቱ ስፌቱን አንድ በአንድ እዩ። ሰው ስታነሡበትም ሁልጊዜ ከአልጋው ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ቁሙ፤ አራቱንም ቀለበት በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከዚያ ቀጥሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እስካሁን ስለሚያነሣው ሰው ተናገርሁ። የሚነሣው ሰው ጀርባው ላይ ሆኖ የሚያየው ጣሪያውን፣ ከፊቱም በግንባሩ አጠገብ የሚወዛወዝ ብረት ነው። እኔ ይህንን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ያወቅሁትም ራሴ ጨርቁ ውስጥ ገብቼ ልጄ ካነሣችኝ በኋላ ነው። ዘንጉን በስፖንጅ የሸፈንሁት በዚያው ቀን ነው።

ጠረጴዛው ላይ የቤታችን ማንጠልጠያ ዘንግና ሁለቱ መሸከሚያዎች አሉ። ከንግግሩ በኋላ እየመጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አራቱን ቀለበት ለማስገባት ሞክሩ። አሁን ግን መነጋገሪያውን ለባለቤቴ እሰጣለሁ፤ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ከመንጠቆው የምትፈልገውን ራሷ ትነግራችኋለች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ታገሷት።