ስኳር፣ ረሃብና ማይግሬን

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ክሊኒክ ውስጥ ስለ ማይግሬን፣ እየተመላለሰ ስለሚመጣው ከባድ ራስ ምታት፣ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ማይግሬኔን የሚቀሰቅሰው ስኳር ነው እንዴ?» ሌላው ደግሞ ሲያመው ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ይገለብጥና ይሻለኛል ብሎ ይጠብቃል። እኔ ስኳርን ወንጀለኛም መድኃኒትም አላደርገውም።

አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ነው። ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ዋና ምግቡ ግሉኮስ (በደም ውስጥ ያለው ስኳር) ሲሆን ጎተራ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሳያቋርጥ ከደም መቀበል አለበት። ማይግሬን ያለበት ሰው ላይ ሌላም ነገር ይታያል። በኤምአርአይ መሣሪያ የተሠሩ ጥናቶች፣ ሕመሙ በሌለበት ቀን እንኳ ኤቲፒ የሚባለው የሴል ነዳጅ አንጎል ውስጥ አንሶ አግኝተዋል። ችግሩ የስኳር ማነስ ብቻ ሳይሆን ስኳሩን ወደ ጉልበት መቀየሩም ላይ ይመስላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ2፣ በቀን 400 ሚሊግራም ለሦስት ወር ሲወሰድ ሕመሙ የሚመላለስበትን ብዛት እንደቀነሰ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። በሐኪም ምክር ግን፤ ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ።

እንዲህ ያለ አንጎል ረሃብ አይወድም። በ1995 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል የወጣ ጥናት በአይሁዶች የጾም ቀን፣ በዮም ኪፑር፣ የጾሙና ያልጾሙ የሆስፒታል ሠራተኞችን አነጻጸረ። ከጾሙት 39 በመቶዎቹ ራሳቸውን ታመዋል፤ ካልጾሙት 7 በመቶዎቹ ብቻ። (ቡና የለመደ ሰው ላይ የቡናው መቅረትም የራሱ መዘዝ አለው። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።)

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን በባዶ ሆድ ለስላሳ ስንጠጣስ? አንድ 330 ሚሊሊትር ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የደም ስኳር ሽቅብ ይወጣል፣ ስኳሩን የሚያወርደው ኢንሱሊን ይከተለዋል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ግን ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። ማፍጠሪያችሁ እሱ ይሁን፤ ውኃም አትርሱ። ረመዳን የምትጾሙም ሱሑርን አትዝለሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። ማይግሬን የሚጀምረው ሻሽ ጠፍረን ስናስር፣ መጋረጃ ስንዘጋ አይደለም። ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በፊት፣ ረሃብና እንቅልፍን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ፣ ይነቃል። ያዛጋናል፤ እንነጫነጫለን፤ ጣፋጭ ያምረናል። ቸኮሌት እንበላለን፤ ማታ ራሳችንን ያመናል፤ ጥፋቱን ቸኮሌቱ ላይ እንለጥፋለን። ቸኮሌቱን ያስበላን ግን ቀድሞ የጀመረው ሕመም ሊሆን ይችላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ታማሚዎች የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ቸኮሌት ወይም ካሮብ የሚባል ምትክ ሰጥቷቸው ነበር። ቸኮሌቱ ከምትኩ የበለጠ ሕመም አልቀሰቀሰም።

ስለዚህ የምትወዱትን ሁሉ ከመተዋችሁ በፊት ደብተር ያዙ። የበላችሁበትን ሰዓት፣ ያማራችሁን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ጻፉ። ወር ሙሉ ከጻፋችሁ በኋላ ይዛችሁልኝ ኑ። ጾም ሁልጊዜ የሚጥላችሁ ካላችሁ ደግሞ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው።

ድንገት የመታ፣ እስከዛሬ ያላያችሁት ዓይነት ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳት፣ የእጅ መዛልና የአንደበት መተሳሰር የተከተለው ከሆነ ግን ደብተሩን ተዉት። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።